የጥያቄ ምልክቱ የት ወደቀ?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ እማዬ ቤት። ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ ዕጣኑ ዓይን ያቃጥላል፣ ፈንዲሻው እንደ ወትሮው ጨው በዝቶበታል። አቦሉ ገና ሳይቀዳ እማዬ ወደ እኔ ዞር አለችና፣

"ሰምተሃል አይደል? ሰፈራችን ሊፈርስ ነው" አለችኝ።

"ማን አለ?"

"ሰዉ ሁሉ ነዋ! ካርታው ራሱ ወጥቷል። በቀይ አስምረውበታል።"

አጠገቧ የተቀመጡት ጎረቤታችን ራሳቸውን ነቀነቁ። አጥር እንጋራለን፤ ሰፈሩ ሁሉ "እትዬ" ነው የሚላቸው። "የእኔን ቤትማ መሐል ለመሐል ነው የሰነጠቀው" አሉ። "ልጄ በስልኳ አሳይታኛለች። ከአሜሪካ ነው የተሰማው። እዚህማ ማን ይነግረናል?"

ሲኒዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ያንን ካርታ አውቀዋለሁ። ረቡዕ ማታ የላክኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ስለ ቤት መፍረስ ሳይወራ የሚውል ቀን የለም። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ያየ ሰው "ቀጣዩ የማን ሰፈር ነው?" ቢል አይፈረድበትም። እኔም አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ቴሌግራም ስጎረጉር አንድ ቻናል ላይ ካርታ አየሁ። ቀይ መስመር አለው። ማን እንዳወጣው አይልም። ስክሪንሾት አድርጌ የቤተሰብ ግሩፓችን ላይ ለጠፍኩትና ከሥሩ ሦስት ቃል ጻፍኩ፦ "ሰፈራችን ሊፈርስ ነው?" ከዚያ ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰክቼ ለጥ አልኩ።

በኋላ እያንዳንዱን ሰው እየጠየቅኩ መንገዱን ተከትዬ ሄድኩበት። ግሩፓችን ውስጥ 41 ሰው አለ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለችው አክስቴ አንዷ ናት። አክስቴ መጻፍ አትወድም፤ የሰው ጽሑፍ ታነብና በድምፅ ትመልሳለች። እኛ ስንተኛ እሷ ከሥራ እየወጣች ነበር። መኪናዋ ውስጥ ሆና "ኧረ ጉድ ነው! ሰፈራችን ሊፈርስ ነው! ካርታውን አያችሁት?" ብላ ላከች። የ11 ሰከንድ ድምፅ ነው። ጠዋት አንዱ ዘመዴ ድምፁንና ካርታውን አንድ ላይ "የሰፈር ልጆች" የሚባለው ግሩፕ ውስጥ ወረወረው። የእትዬ ልጅ እዚያ ሰማችው። ለእናቷ ከፈተችላቸው። እትዬ በአጥር ላይ ለእማዬ ነገሯት። እማዬ ደግሞ ለእኔ።

ያቺ ሦስት ቃል አትላንቲክን ሁለቴ ተሻግራ፣ በአራተኛው ቀን ከቡና ጋር ቀረበችልኝ። ስትሄድ ግን መጨረሻዋ ላይ ትንሽ ምልክት ነበራት። ስትመለስ የለም።

ይኼ ነገር በአማርኛ የባሰ ነው። "ሊፈርስ ነው" እና "ሊፈርስ ነው?" በቃል አንድ ናቸው። አንድ ፊደል አይጨምርም፣ የቃላቱ ቦታ አይቀያየርም። ልዩነቱ ያለው ወይ በምልክቱ፣ ወይ በድምፅ አወጣጡ ላይ ነው። አክስቴ ስታነበው ደንግጣ ስለነበር ድምፅዋ የጠያቂ ሳይሆን የአርጂ ሆነ። በቃ፣ ጥያቄዬ እዚያ መኪና ውስጥ ዜና ሆኖ ተወለደ።

እማዬ ኢንተርኔት አትጠቀምም። ስልኳ አናቱ ላይ ባትሪ ያለው ትንሽዬ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ከመደወያነቱ ይልቅ በእሱ ይወደድላታል። "ፌስቡክ"ን የምትጠራው እንደ ሰው ስም ነው። "ፌስቡክ ደግሞ ምን አለ መሰለህ…" ስትል ማዶ ሰፈር ያለ ወሬኛ ጎረቤት የምታማ ይመስላል። ቢሆንም ስለ ዘይት ዋጋ ያላት ሐሳብ፣ ስለ መንግሥት ያላት ሐሳብ፣ የትኛው ሰባኪ እውነተኛ የትኛው አስመሳይ እንደሆነ ያላት ሐሳብ፣ የትኛዋ ዘፋኝ ከባሏ እንደተጣላች ያላት መረጃ፣ ሁሉም ከዚያ ነው የመጣው። አፕ አውርዳ አታውቅም። ሲያወሯት ግን ውላ ታድራለች።

አብዛኛው ኢትዮጵያዊ እስካሁን እንደ እማዬ ነው፤ ዳታ ከፍቶ አያውቅም። እኛ "ሁሉም ሰው ኢንተርኔት ላይ ነው" የምንለው የራሳችንን ጓደኞች ቆጥረን ነው። ስለዚህ ስለ ሕዝብ አስተያየት ሲወራ ሁልጊዜ አልጎሪዝም፣ አልጎሪዝም ሲባል አንድ ነገር የተዘለለ ይመስለኛል። አልጎሪዝሙ ሥራውን የሚሠራው ስልኩ ድረስ ነው። ከስልኩ ወደ አፍ፣ ከአፍ ወደ ሌላው ጆሮ ያለችውን የመጨረሻዋን እርምጃ የምንራመደው እኛ ነን። እኔ ደግሞ አደጋው ያለው እዚያች እርምጃ ላይ ነው ባይ ነኝ። ስልኩ ላይ ቢያንስ የለጠፈው ገጽ ስም፣ ቀኑ፣ ከሥሩ "ውሸት ነው!" የሚል አንድ ተሳዳቢ ይኖራል። ቡና ላይ እነዚህ ሁሉ ይረግፋሉ። የሚቀረው "አሉ" ብቻ ነው። በረካው ላይ ሲደረስ "አሉ"ም ይወድቃል።

ይህን ስል ድሮ ወሬ አልነበረም እያልኩ አይደለም። ኢንተርኔት አገራችን ሲገባ፣ በ1989 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ወሬው ቀድሞ ነበር። እኔ ከኢንተርኔት ጋር የተዋወቅኩት ግን ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በደቂቃ በሚቆጠርበት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ ነው። አንድ ፎቶ ከላይ ወደ ታች በዝግታ እንደ መጋረጃ ሲወርድ፣ ግማሹ ፊት ሳይመጣ ሒሳቤ ያልቃል። ያኔ ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ስላየው ነገር እናቱን አያስደነግጥም ነበር። ሊያስደነግጥ ቢፈልግም ገጹ አይከፈትለትም።

አሁንማ ኑሮው ራሱ እዚያ ላይ ተንጠልጥሏል። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሲጀመር "ማን ይጠቀምበታል" ካሉት አንዱ ነበርኩ። ዛሬ በሰፈራችን ጉሊት አምስት መደብ ቲማቲም የደረደረችው ሴትዮ ካርቶን ቀዳ ቁጥሯን ጽፋ አቁማለች። ብር ስሰጣት "ዝርዝር የለኝም፣ በቴሌብር አድርገው" ትለኛለች። ነዳጅ በስልክ መክፈል ግዴታ ከሆነ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ባለታክሲው ሁሉ ስልኩን አይለቅም። የባንክ፣ የፓስፖርት፣ የፋይዳ መታወቂያ ወረፋ ላይ ስንቆም የምንፈራው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ "ሲስተም የለም።" ድሮ "ኃላፊው የሉም" ነበር የሚባለው። ኃላፊውን ቢያንስ ሻይ ቤት ሄዶ መፈለግ ይቻላል። ሲስተም የት ሻይ እንደሚጠጣ ማን ያውቃል?

ሲስተም ደግሞ ሲበላሽ ወሬው ቀድሞት ይሮጣል። መጋቢት 2016 ላይ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተሳስቶ ሰው ከሒሳቡ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ የቻለበትን ሌሊት ታስታውሳላችሁ። ብልሽቱ የባንኩ ነው። ነገር ግን በእኩለ ሌሊት በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተማሪውን በነጠላ ጫማ ከዶርም አስወጥቶ ኤቲኤም ፊት ያሰለፈው ቴሌግራም ነው። ባንኩ በኋላ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ተናገረ፤ ያልመለሱትንም በስምና በፎቶ ለጠፈ። አንድ የማውቀው ልጅ ሰልፉ ውስጥ ነበር። "ስህተት መሆኑን አላወቅክም?" አልኩት። "አውቄያለሁ" አለኝ፤ "ግን ሁሉም ሰው እየወጣ ነበር።" ስለ ሕዝብ አስተያየት ከዚህ የበለጠ ግልጽ መልስ ሰጥቶኝ የሚያውቅ ሰው የለም።

ወደ መርዶ ልምጣ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ።

ልጅ እያለሁ ሰፈራችን የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ። ገና ጎህ ሳይቀድ ከሩቅ ይሰማሉ። ጥሩምባው ሁለቴ ይነፋል፤ ከዚያ የሟች ስም፣ ቤቱ፣ የቀብሩ ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑ። ከዚያ አንድ ቃል አይጨምሩም። ከእድሩ ጸሐፊ የተሰጣቸውን ብቻ ነው የሚያውጁት። በምን እንደሞተ አይሉም፣ ማን እንዳስመረረው አይሉም። ሰው በሕይወት እያለ ሞተ ብለው አያውቁም። ዛሬ እድራችን የቴሌግራም ግሩፕ አለው። ምቹ ነው፣ አልዋሽም፤ ወርሃዊ መዋጮዬን ከአልጋዬ ሳልነሳ እከፍላለሁ። ባለፈው ግን አንድ ሆስፒታል የተኙ አዛውንት ፎቶ ከሻማ ጋር ተለጥፎ ሠላሳ ሰው "ነፍስ ይማር" ካለ በኋላ ባለቤታቸው "ኧረ ገና ሾርባ እየጠጡ ነው" ብለው ደወሉ። ስቀናል። ሰውየው ሲሻላቸው እሳቸውም ስቀዋል፤ ማን ምን ብሎ እንደጻፈላቸው አንድ በአንድ አስነበቡ።

የአጎቴ ግን አያስቅም። አጎቴ ያረፈው ማክሰኞ ነው። ልጁ ሪያድ ነበረች፣ የቤት ሠራተኛ። በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። በድንገት አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ የቅርብ ሰው ይሰበሰባል፣ ጠዋት በማለዳ ቤቷ ይኬዳል፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አጠገቧ ይቆማል። ቤተሰቡ ተነጋግሮ "አሠሪዋ ዓርብ ፈቃድ ትሰጣታለች፤ የአገሯ ልጆች ሰብሰብ ብለው ይንገሯት" ተባለ። እዚያ ላሉት ሁለት ሴቶች ተደወለ። እሺ አሉ። እነሱም እያለቀሱ ነው እሺ ያሉት።

ማክሰኞ ማታ አንድ ዘመዳችን የአጎቴን ፎቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ጥቁር ሪባን፣ ሁለት ሻማ፣ "ነፍስህን በገነት ያኑራት።" ክፋት የለበትም። አጎቴን ይወደው ነበር፤ ማዘኑ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ኢሞ ጠራ። የአጎቴ ልጅ ናት። ኩሽና ውስጥ ቆማለች፤ ከኋላዋ ለልጆቹ ቁርስ የተጠበሰ እንቁላል ይታያል። ፊቷ ተንቀጠቀጠና ምስሉ ቆመ፤ ኔትወርክ። ድምፅዋ ግን ይመጣል። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችኝ።

"እውነት ነው?"

ከሽማግሌ ይልቅ እኔ ሆንኩ መርዶ ነጋሪ። ያውም በቆመ ምስል። ዓርብ የተቀጠሩት ሁለቱ ሴቶች በቀጠሮው ቀን ሄደው አብረዋት አለቀሱ። ግን ሁለቱን ቀን ብቻዋን ልብስ ስትተኩስ ነው የቆየችው።

ያ የለጠፈው ዘመዳችን እስካሁን ምን እንዳጠፋ አያውቅም። ማንም አልነገረውም። እኔም አልነገርኩትም፤ በኋላ ሳስበው የካርታውን ነገር የሠራሁት እኔም ብሆን ከእሱ በምንም አልሻልም።

"ታዲያ ይዘጋ!" የሚል ሰው አይጠፋም። ተዘግቶ አይተነዋል እኮ። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ኢንተርኔት ላይ ወጥቶ ፈተናው ሲሰረዝ፣ ሐምሌ ላይ በድጋሚ ሲሰጥ ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። ሰኔ 2012 አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት መላ አገሩ ሦስት ሳምንት ገደማ ከኢንተርኔት ተቆረጠ። ትግራይ በጦርነቱ ሁለት ዓመት ያህል ስልክም ኢንተርኔትም አልነበራትም። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ጠፋ። ትግራይ ዘመድ የነበራቸው የሥራ ባልደረባዬ እናታቸው በሕይወት መኖሯን እንኳ ሳያውቁ ዓመት አለፋቸው። እሳቸው ፊት "ኢንተርኔት አሰለቸኝ" ማለት ነውር ነው።

ሰኔ 2012ን እኔ አዲስ አበባ ነበርኩ። ዝምታው መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር፣ ለግማሽ ቀን። ከዚያ ስልክ መጮህ ጀመረ። ከፍራንክፈርት፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዋሽንግተን። "አላችሁ? እንዲህ ሆነ አሉ እናንተ ጋ!" የእኛን ከተማ ወሬ ከጀርመን ነበር የምንሰማው። እዚያ ያሉት ደግሞ ከማን ሰሙ? ከእኛ፤ አንድ ሰው ደውሎ ከነገራቸው። መስኮቴን ከፍቼ ባይ የማየው መንገድ ላይ ምን እንደተፈጠረ ሁለት አህጉር ዞሮ ይደርሰኛል። ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ወሬው አልተዘጋም። የተዘጋው ማጣሪያው ነው። ፎቶውን ከፍተህ "ይኼማ የሌላ አገር ነው" የምትልበት መንገድ የለም። ያ ሦስት ሳምንት ሙሉ በሙሉ የቡና ላይ ዘመን ነበር።

የካቲት 2015 ላይ በቤተ ክርስቲያኗ ሲኖዶስ መከፈል ምክንያት ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ለአምስት ወር ሲታገዱ ደግሞ ሌላ ነገር ሆነ። ሕዝቡ ቪፒኤን ተማረ። ሞባይል ጠጋኙ በ20 ብር ይጭን ነበር። ሊስትሮው ሳይቀር "ጋሼ፣ የካናዳውን አድርጉት፣ እሱ ፈጣን ነው" ብሎ መክሮኛል። የእትዬ ልጅም ያኔ ነው ቴሌግራም የገባችው። ለምን ብላት "ተዘጋ ሲባል ምን ቢኖር ነው ብዬ" አለችኝ።

ሕግም ወጥቷል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185/2012። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ከተሰራጨ ቅጣቱ ከፍ ይላል። ጥሩ ነው። ግን የእኛ ግሩፕ 41 ሰው ነው። አክስቴ ደግሞ ተከታይ የላትም፤ እኛ ብቻ ነን የምንሰማት፣ ያውም ረጅም ድምፅ ከሆነ ዘለን።

ቀልዴን ላቁም፤ ይኼ ነገር ሰው ይበላል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ ጥቅምት 2014 መኖሪያ ቤታቸው በር ላይ በጥይት ተገደሉ። ትግራዋይ ነበሩ። ከዚያ በፊት ስማቸውና ፎቶአቸው ፌስቡክ ላይ ከክስ ጋር ተለጥፎ ነበር። ልጃቸው ኩባንያው ጽሑፎቹን እንዲያነሳ በተደጋጋሚ አመልክቶ በጊዜ እንዳላነሳለት ገልጾ ናይሮቢ ላይ ሜታን ከሰሰ፤ በ2017 ዓ.ም. የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። የኩባንያው ጥፋት ተለይቶ ይታይ፤ መታየትም አለበት። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። ያንን ጽሑፍ ሼር ያደረገው ሰው፣ ከሥሩ ኮሜንት የጻፈው ሰው፣ አንብቦ ለጎረቤቱ በቃል የነገረው ሰው። ከእነሱ ውስጥ ስንቱ "እውነት ነው?" ብሎ ጀምሮ ይሆን?

የድሮ ነገሥታት "እረኛ ምን አለ?" ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። የሕዝብ ሐሳብ የሚለካው ከብት ጠባቂው ልጅ ሜዳ ላይ በሚያንጎራጉረው ነበር፤ ማንም አያየኝም ብሎ ስለሚናገር አይዋሽም ተብሎ። አሁን እረኛው ስልክ ይዟል። ማንም አያየኝም የሚልበት ሜዳም የለውም። የሚያንጎራጉረው ማታ ላይቭ ላይ የሰማውን ነው፤ ላይቭ ላይ ያለው ሰውዬ ደግሞ የሚናገረው አንበሳ፣ ያንን የቲክቶክ ስጦታ፣ የሚያስልክለትን ነው። ዛሬ "እረኛ ምን አለ?" ብሎ የሚጠይቅ ባለሥልጣን የራሱን ካድሬ ኮሜንት መልሶ ሊሰማ ይችላል።

አፋሮች ዳጉ አላቸው። ሁለት ሰው በረሃ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ወሬ ይለዋወጣል፤ ዝናብ የት ዘነበ፣ ግጦሽ የት አለ፣ ማን ታመመ። ነጋሪው ያየውን "አየሁ"፣ የሰማውን "ከእገሌ ሰማሁ" ይላል። በዳጉ የዋሸ ሰው ይቀጣል፤ ከቅጣቱ ይልቅ ደግሞ ሁለተኛ የሚያምነው ማጣቱ ነው የሚጎዳው። ኔትወርክ በሌለበት በረሃ ውስጥ ፎርዋርድ አድራጊው ኃላፊነት አለበት ማለት ነው። እኛ ግሩፕ ውስጥ ፎርዋርድ ያደረገ ሰው ሲጠየቅ የሚለው ይታወቃል፦ "እኔ አይደለሁም፣ የተላከልኝን ነው።"

ሰኞ ዕለት ወረዳ ሄድኩ። ካርታውን ያሳየኋቸው ሰውዬ መነጽራቸውን አድርገው ስልኬን ወደ ጎን አዞሩት፣ መልሰው አዞሩት። "ይኼ እኮ እኛ ወረዳ አይደለም" አሉ። "ቀዩም የፍሳሽ መስመር ነው።" ማብራሪያው ያለበት የካርታው ግርጌ ተቆርጦ ነበር የተለጠፈው።

ወጥቼ እዚያው በር ላይ ቆሜ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። "ካርታው የእኛ ሰፈር አይደለም፤ የፍሳሽ መስመር ነው፤ ወረዳ ሄጄ አጣርቻለሁ።" ሦስት ሰው አውራ ጣት ሰጠኝ። አክስቴ "ተመስገን ጌታዬ!" ብላ በድምፅ ላከች። ያንን ድምፅ ማንም የትም አልላከውም። ማን ይልከዋል? "ሰፈራችን አይፈርስም" ብሎ አጥር ላይ የሚንጠለጠል ሰው አይቼ አላውቅም።

እትዬ ደግሞ የጣሪያቸውን ቆርቆሮ ሊቀይሩ ገዝተው አስቀምጠው ነበር። ያን ሳምንት ለገዙበት ሱቅ አክስረው መለሱት። "ለሚፈርስ ቤት ቆርቆሮ?" ብለው። ሰኔ ገባ። አንድ ሌሊት ዝናቡ ሲያወርደው እማዬ ደወለችልኝና ሮጬ ሄድኩ። ሳሎናቸው ውስጥ ሁለት ባልዲ፣ አንድ ሳፋ፣ አንድ የወጥ ድስት ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ድምፅ ጠብ ጠብ ይላል። ከልጃቸው ጋር ጣሪያው ላይ ሸራ ስንወጥር ነጋ።

ሻይ ሲያቀርቡልኝ ተናዘዝኩ። "እትዬ፣ ያንን ካርታ መጀመሪያ የላክኩት እኔ ነኝ። እየጠየቅኩ ነበር እንጂ ይፈርሳል አላልኩም።"

በአዘኔታ አዩኝ። "አይ ልጄ፣ ያንተ አይደለም። እኔ ያየሁት ከአሜሪካ የመጣውን ነው።"

ምን ይባላል?

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ለውጫለሁ። ጥያቄ ስጽፍ መጨረሻው ላይ "ወይ" እጨምራለሁ፤ እንደ ድሮ ሰው። "ነው ወይ?" "መጣ ወይ?" የእህቴ ልጆች ይስቁብኛል፤ "ጋሼ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን አማርኛ ይጽፋል" ይላሉ። ይሳቁ። ምልክቱ ሲወድቅ "ወይ" ይተርፋል ብዬ ነው። አክስቴም ብታነበው መጥራቷ አይቀርም።

ባለፈው ሰሞን ሞከርኩት። ማክሰኞ ማታ ግሩፑ ላይ "የሰፈራችን የውኃ ፈረቃ ተቀየረ ወይ?" ብዬ ጻፍኩ። ቅዳሜ እማዬ ጋ ሄድኩ። ቡናው ተቀዳ። አቦል አለፈ፣ ቶና አለፈ፣ ምንም የለም። በረካው ላይ እማዬ ሲኒዋን አስቀመጠችና፣

"የውኃ ፈረቃው ተቀየረ ወይ እያለ ሰዉ ሁሉ ይጠይቃል" አለች።

"ማነው የሚጠይቀው?"

"እኔ እንጃ፣ ሰዉ ነዋ። ከአሜሪካም ደውለው ጠይቀዋል አሉ።"